አየር ላይ ሁለት ሰዓት፣ መንገድ ላይ ዘጠኝ ሰዓት

በዚህ ወር ከደሴና ከኮምቦልቻ ከደረሱን ጥያቄዎች የበዙት ስለ አውሮፕላን ናቸው። ወቅቱ ነው መሰለኝ። ተማሪ የሚሸኝ አለ፣ እንግዳ የሚቀበል አለ፣ ንግዴን ሰፋ ላድርግ የሚል አለ። አራቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ረዘም ይላል፤ የሌሎቹም መልስ እዚያው ውስጥ ስላለ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ደርሷታል፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ከቤት ወጥታ አታውቅም። አባቷ "በአውቶቡስ ሁለት ቀን ከምትንገላታ በአውሮፕላን ትሂድ" አለ። ወንድሟ ስልኩ ላይ ሲያይ ከኮምቦልቻ አርባ ምንጭ 605 ኪሎ ሜትር፣ የበረራ ጊዜ 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ይላል። እዚያ የሚቀበላት የአጎቷ ልጅ አለ። እሱን በስንት ሰዓት ጠብቃት ልበለው? ቁርሷን እዚህ በልታ ምሳዋን እዚያ ትበላለች ማለት ነው? ቀጥታ የሚሄድስ አለ ወይ?
የተማሪ እናት፣ ከሆጤ፣ ደሴ

መልስ፦ እናታችን፣ እንኳን ደስ አለዎት። ከመጨረሻው ልጀምር፤ ቀጥታ የሚሄድ የለም። ከኮምቦልቻ ተነስታ ቦሌ ትወርዳለች፣ ቦሌ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ወደ አርባ ምንጭ ሌላ አውሮፕላን ትይዛለች። ምሳዋን ቦሌ ነው የምትበላው፤ እዚያ ደግሞ ምግቡ ውድ ነውና ዳቦና ቆሎ ቢቋጥሩላት አይከፋም።

ልጅዎ ስልኩ ላይ ያየው ርቀት ግን ልክ ነው። በቀላሉ ማረጋገጥም ይቻላል። ኮምቦልቻ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ናት፣ አርባ ምንጭ 6 ዲግሪ ላይ። ልዩነቱ 5 ዲግሪ ነው። አንዱ ዲግሪ ወደ 111 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ወደ ደቡብ ብቻ 555 ኪሎ ሜትር አለ ማለት ነው። አርባ ምንጭ ትንሽ ወደ ምዕራብም ስለምትገባ ያችን ስንጨምር 605 አካባቢ እንደርሳለን። እዚህ ድረስ ስልኩ አልዋሸም።

ችግሩ ሰዓቱ ላይ ነው። እነዚህ ርቀት የሚያሰሉ ገጾች የበረራ ሰሌዳ አይተው አይደለም የሚነግሩን። ብዙዎቹ በሁለቱ ኤርፖርቶች መካከል መስመር ያሰምራሉ፣ በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር በሚበር ጄት ያካፍላሉ፣ ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ይጨምራሉ፣ አለቀ። 605ን ለ800 ያካፍሉት፣ 45 ደቂቃ ይሆናል። 30 ሲጨምሩበት ያው 1 ሰዓት ከ15። እንዲህ የሚበር አውሮፕላን ይኑር አይኑር ገጹን አያሳስበውም። ከደሴ እስከ ሐይቅ ከተማ ቢጠይቁትም የበረራ ሰዓት ያወጣልዎታል።

በዚያ ላይ ወደ እኛ ወደ ክፍለ ሀገሮቹ በብዛት የሚመላለሰው ጄት አይደለም። ባለ ሁለት ፕሮፔለሩ ኪው 400 ነው። እሱም ቀርፋፋ የሚባል አይደለም፣ ሽቅብ ወጥቶ ሲረጋጋ በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ግን ከኮምቦልቻ ቦሌ በቀጥታ ሲለካ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ሙሉ ፍጥነቱን ሳያጣጥም መውረድ ይጀምራል። ስለዚህ ቲኬቱ ላይ አንድ ሰዓት አካባቢ ይጻፋል። ከቦሌ አርባ ምንጭ ደግሞ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እሱም አንድ ሰዓት ወይም ትንሽ ፈቀቅ ያለ።

አሁን አንድ የሚገርም ነገር ልንገርዎት። 250 እና 350 ሲደመር 600 ነው። ቀጥታው ደግሞ 605 ነበር። (አምስቷን ማጠጋጋቱ ነው የበላት።) ካርታ ላይ ኮምቦልቻና አርባ ምንጭን በማስመሪያ ቢያገናኙ መስመሩ አዲስ አበባን ሊነካት ምንም አይቀረውም። ቀጥታ የሚበር አውሮፕላን ቢኖር እንኳ በቦሌ አናት ላይ ነበር የሚያልፈው። ልጅዎ አዲስ አበባ በመውረዷ በርቀት የምትከስረው ነገር የለም። የምትከስረው ጊዜ ነው፣ እሱም ቦሌ ወንበር ላይ።

ቀኑ ምን እንደሚመስል ልደርድርልዎት። ሰዓቶቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፣ ቲኬታችሁ ላይ ያለውን ተኩበት። አውሮፕላኑ ከኮምቦልቻ ጠዋት 3 ሰዓት ይነሳል እንበል። ከመነሻው ሁለት ሰዓት ቀድማ መድረስ አለባት፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ማለት ነው። ከሆጤ ወጥቶ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ለመግባት አንድ ሰዓት ስጧት፤ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ቁልቁለቱና ጥምዝምዙ ከፊቱ አንድ የጫነ መኪና ከገባበት መቅደሚያ አይሰጥም። ስለዚህ ከቤት 12 ሰዓት ላይ ትወጣለች። 3 ሰዓት ተነስታ 4 ሰዓት ቦሌ ታርፋለች። የአርባ ምንጩ 7 ሰዓት ላይ ቢሆን ሦስት ሰዓት ትጠብቃለች። 8 ሰዓት ካለፈ በኋላ አርባ ምንጭ ትወርዳለች፣ ሻንጣዋን ተቀብላ ባጃጅ ወይም ታክሲ ይዛ እስክትወጣ ወደ 9 ሰዓት ይጠጋል። ከ12 እስከ 9፣ ዘጠኝ ሰዓት። አየር ላይ የቆየችው ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ለአጎቷ ልጅ ግን ይህን ሁሉ አያስረዱት። የሁለተኛውን በረራ መድረሻ ሰዓት ብቻ ይንገሩት፣ ቦሌ ስትሳፈር ደግሞ ትደውልለት።

ዘጠኝ ሰዓት በዛ እንዳይሉ። በመኪና ደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከሚሴን፣ ሸዋ ሮቢትን፣ ደብረ ሲናን አልፋችሁ፣ የጣርማ በርን ዋሻ ሾልካችሁ፣ በደብረ ብርሃን በኩል። ያ ብቻ አንድ ቀን ሙሉ ነው። ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ ደግሞ ሌላ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ። መሃል ላይ አዳር አለው። አባቷ እውነታቸውን ነው።

ቲኬት ስትቆርጡ ግን አንድ ነገር አደራ። ሁለቱን በረራ በአንድ ቲኬት ግዙ። ከኮምቦልቻ እስከ አርባ ምንጭ ተብሎ በአንድ ላይ የተቆረጠ መሆን አለበት። እንደዚያ ከሆነ ሻንጣዋን ኮምቦልቻ ሰጥታ አርባ ምንጭ ነው የምትቀበለው፤ ቢሆንም ሻንጣው ላይ የሚለጠፈው ወረቀት "አርባ ምንጭ" እንደሚል እዚያው ትጠይቅ። የመጀመሪያው ቢዘገይና ሁለተኛው ቢያመልጣትም ቀጣዩ ላይ ያሳፍሯታል። ለየብቻ ከተገዛ ግን ሁለተኛው በረራ እሷን አያውቃትም። ካመለጠ አመለጠ።

ይህን የምለው በራሴ ስለደረሰ ነው። አንድ ክረምት ብልጥ ሆንኩ ብዬ ሁለቱን ለየብቻ ገዛሁ፣ የተወሰነ ብር ቀነሰልኝ። መሃል ላይ የተውኩት አንድ ሰዓት ከሩብ ብቻ ነበር። ያን ቀን ደመናው አልገለጥ ብሎ ከኮምቦልቻ ሳንነሳ ሁለት ሰዓት ቆየን። ቦሌ ስደርስ የእኔ አውሮፕላን ሄዷል። አዲስ ቲኬት ገዛሁ፣ አክስቴ ቤት አደርኩ፣ አክስቴ ደግሞ እስከ ዛሬ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ታወራዋለች።

የልብሱን ነገር ሳልረሳ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፣ የአርባ ምንጭ ኤርፖርት 1,200 ሜትር እንኳ በወጉ አይሞላም። በአንድ ቀን ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ትወርዳለች። ጠዋት ሐረጎ ላይ ጋቢ ያስፈልጋታል፣ ከሰዓት አርባ ምንጭ ላይ ያው ጋቢ ሸክም ነው። የወባ አገር ስለሆነ አጎበር ይያዝላት። መስኮት ዳር ከደረሳትም አውሮፕላኑ ሊያርፍ ሲል ወደ ታች ትመልከት፤ ቀላ ያለው አባያ ነው፣ ሰማያዊው ጫሞ፣ መሃላቸው ያለችው ጠባብ መሬት የእግዜር ድልድይ ትባላለች።

ጥያቄ፦ እኔ ኮምቦልቻ የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። ባሕር ዳርና ጅግጅጋ ደንበኛ አግኝቻለሁ። ባሕር ዳር በቀጥታ 270 ኪሎ ሜትር እንኳ አትሞላም፣ ግን ቲኬት ስጠይቅ በአዲስ አበባ ዙር ይሉኛል። ወደ ምዕራብ ለመሄድ መጀመሪያ ወደ ደቡብ መውረድ ምን ዓይነት ነገር ነው? ደግሞስ በአውሮፕላን ያዋጣኛል?
ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ንዴትህ ይገባኛል። የሆጤዋ እናት እድለኛ ናቸው፣ አዲስ አበባ መንገዳቸው ላይ ናት። አንተ ግን ጀርባህን ሰጥተህ ነው የምትጀምረው።

ቁጥሩን እንየው። ከኮምቦልቻ ባሕር ዳር በቀጥታ 265 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በቦሌ ዞረህ ስትሄድ ወደ 590 ይሆናል፣ ከእጥፍ በላይ። ጅግጅጋ በቀጥታ 400 ናት፣ በቦሌ 700። የባሰው መቀሌ ነው፤ በቀጥታ ከባሕር ዳር እኩል ነው፣ 265 ገደማ፣ በአዲስ አበባ ግን 760፣ ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ጋምቤላ ደግሞ ተመልከት። ከሁሉም ሩቋ እሷ ናት፣ በቀጥታ 650። በአዲስ አበባ ስትዞር ግን 730 ብቻ ነው። ስለዚህ ከእኛ ኤርፖርት ተነስቶ መብረር ያዋጣ አያዋጣ እንደሆነ ለማወቅ ርቀቱን ብቻ አትይ። መስመሩ አዲስ አበባ አጠገብ ያልፋል ወይ ብለህ እይ። ደቡብና ደቡብ ምዕራብ ያዋጣሃል፣ ሰሜንና ሰሜን ምዕራብ ያከስርሃል።

ለምን ቀጥታ አይኖርም ላልከው፣ ነገሩ የሒሳብ ጉዳይ ነው። በአገር ውስጥ አውሮፕላን የሚያርፍባቸው ከተሞች ከ20 በላይ ናቸው። 20 ከተሞችን እያንዳንዳቸውን ከእያንዳንዳቸው ላገናኝ ብትል 190 መስመር ያስፈልግሃል። ሁሉንም ከቦሌ ጋር ብቻ ብታገናኝ 20 ይበቃል። ኪው 400 ደግሞ ከ70 ሰው በላይ ይጭናል። ዛሬ ጠዋት ከኮምቦልቻ ባሕር ዳር መሄድ የሚፈልግ 70 ሰው አለ? አንተና ሁለት ሦስት ሰው ትሆናላችሁ። ወደ አዲስ አበባ ግን አውሮፕላኑ በባሕር ዳር መንገደኛም በጅግጅጋ መንገደኛም በአርባ ምንጭ መንገደኛም ይሞላል። እንደ ድሮው የታሪክ መስመር ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላ፣ አክሱም እያሉ ከተማ ከተማ የሚዘል በረራ የሚኖረው ቱሪስት ሲበዛ ነው። እኛ ላሊበላን በቀጥታ 125 ኪሎ ሜትር ላይ ይዘናት እንኳ በአየር የምንገናኘው በቦሌ በኩል ነው። ያስቃል፣ ግን እንደዚያ ነው።

ያዋጣል ወይ ለሚለው፣ ለባሕር ዳር እኔ በመኪና ሂድ ነው የምልህ። በወልድያ ዞረህ፣ በቻይና መንገድ ደብረ ታቦርን ይዘህ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ሌሊት ተነስተህ ማታ ትገባለህ። በአውሮፕላን ብትሄድም ከመውጣት እስከ መግባት የቀንህን አብዛኛውን ይበላዋል፣ ቦሌ ላይ ያለው ጥበቃ ከረዘመ ደግሞ ልዩነቱ ጭራሽ ይጠፋል። በዚያ ላይ የሲሊንደር ራስና ፍሪሲዮን ይዘህ ነው የምትሄደው፤ የሻንጣ ኪሎ ከበለጠ ትከፍላለህ። ብቻ ከመነሳትህ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ከሹፌሮች ጠይቅ፣ እነሱ ቀድመው ያውቃሉ። ለጅግጅጋ ግን ብረር። በመኪና ወደ አዋሽ ወርደህ፣ በሐረር ዞረህ የምትሄደው መንገድ ቢያንስ ሁለት ቀንህን ይወስዳል፣ በቦሌ ብትዞር በዚያው ቀን ትገባለህ። አዲስ አበባ መርካቶ የሚገዛ ዕቃ ካለህ ደግሞ ዙሩን ወደ ሥራ ቀይረው፤ አንድ ቀን አድረህ ገዝተህ ቀጥል። ያኔ ቦሌ ወንበር ላይ አልተቀመጥክም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከውጭ ይመጣል። የላከልኝ ቲኬት ላይ መድረሻው "ደሴ" ይላል፣ ሰዓቱ 13:40፣ ቀኑ ኦክቶበር 11። ደሴ ኤርፖርት የት ነው ያለው? በ13 ሰዓትስ ምን ማለት ነው?
ከቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ደሴ

መልስ፦ እህቴ፣ ደሴ ኤርፖርት የለም፣ አትፈልጊው። ኤርፖርቱ ኮምቦልቻ ነው ያለው። ደሴ በጦሳና በሌሎቹ ተራሮች መሃል ስለተቀረቀረች ያን ያህል ሜዳ ከየት ታመጣለች። የዓለም አቀፍ መለያው ግን ዲ ኤስ ኢ ነው፣ ደሴ ከሚለው የመጣ። ስለዚህ አንዱ ቦታ "ደሴ"፣ ሌላው ቦታ "ኮምቦልቻ" ቢል ግራ አይግባሽ፣ ያው አንድ ሜዳ ነው። ርቀት ስትለኪም እንዲሁ ነው፤ ስልኩ ከደሴ ፒያሳ ይለካና ቁጥሩ ትንሽ ይለያያል።

ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 13:40 ላይ ስድስት ቀንሺ፣ ከቀኑ 7:40 ይሆናል። 07:40 የሚል ቢሆን ኖሮ ደግሞ ጠዋት 1:40 ነበር። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፤ 07:40ን "ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከአርባ" ብሎ ያነብና ተንቀባሮ ሲመጣ አውሮፕላኑ ስድስት ሰዓት ቀድሞ ሄዷል። 

ቀኑም ወጥመድ አለው። ኦክቶበር 11 ጥቅምት 11 አይደለም። ጥቅምት 1 ነው። ጳጉሜ 6 ቀን የሆነችበት ዓመት ካለፈ በኋላ ደግሞ መስከረም 30 ላይ ይውላል። ጥቅምት 11 ብለሽ ብትጠብቂ ወንድምሽ አስር ቀን ሙሉ ኤርፖርት በር ላይ ቆሞ ይጠብቅሻል።

ሌላ ደግሞ፣ ያን ቀን ጠዋት ቧንቧ ውሃ ላይ ጉም ተጭኖ ብታዪ "በቃ በረራው ተሰረዘ" ብለሽ አትመለሺ። የኮምቦልቻው ሜዳ 1,860 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ደሴ በጉም ተውጣ ኮምቦልቻ ፀሐይ ስትሞቅ ስንቴ አይተናል። ይልቅ ጉሙ ሐረጎ ላይ ሚኒባሱን ስለሚያዘገየው ቀደም ብለሽ ውጪ።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ ስሄድና ስመለስ የበረራው ደቂቃ ይለያያል። መንገዱ አንድ አይደለም እንዴ?
ከሸዋ በር

መልስ፦ ርቀቱ አንድ ነው። ቲኬት ላይ የሚጻፈው ግን አየር ላይ የቆየህበት ጊዜ ብቻ አይደለም፤ አውሮፕላኑ ከቆመበት ተነቃንቆ፣ በርሮ፣ እንደገና ቆሞ በሩ እስኪከፈት ያለው ሁሉ አንድ ላይ ነው። ኮምቦልቻ ላይ የሚቀድምህ አውሮፕላን የለም፣ ዞር ብሎ ይነሳል። ቦሌ ላይ ግን ሰልፍ አለ። ለመነሳት ትሰለፋለህ፣ ለማረፍም አንዳንዴ አየር ላይ ትዞራለህ። በዚያ ላይ አውሮፕላን ነፋስን ፊት ለፊት ይዞ መነሳትና ማረፍ ስለሚፈልግ፣ የዚያን ቀን ነፋስ ከመጣህበት በኩል ከሆነ ሜዳውን አልፎ ሄዶ ተጠምዝዞ ነው የሚያርፈው። ያችን አምስት አስር ደቂቃ የምትበላው እሷ ናት። መስኮት ዳር ከሆንክ ከተማዋን ሁለት ጊዜ ታያታለህ፣ ሁለተኛው ላይ ክንፉ ዘንበል ሲል አትደንግጥ።